ወደ አንጎል የተሰራጨ ካንሰርን በተነጣጠረ ጨረር ማከም፦ ከምስል እስከ ክትትል

ከሳንባ፣ ከጡት፣ ከኩላሊት፣ ከአንጀት ወይም ሜላኖማ ከሚባለው የቆዳ ካንሰር የተነሳ ህዋስ በደም ተወስዶ አንጎል ውስጥ ሲያርፍ፣ ብዙ ጊዜ እንደ አተር ፍሬ የከበበና ጠርዙ የለየለት ዕጢ ሆኖ ያድጋል። ከአንጎሉ ከራሱ እንደሚነሳው ካንሰር በየአቅጣጫው ሥር አይሰድም፤ በዙሪያው ያለውን የአንጎል ክፍል ይገፋዋል እንጂ እምብዛም አይሰርገውም። ለተነጣጠረ ጨረር የሚያመቸው ይኸው ጠባዩ ነው። ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን ጨረሮች አንድ ቦታ ላይ እንዲገናኙ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ጨረር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ብዙም ጉዳት አያደርስም፣ ሁሉም የሚገናኙበት ነጥብ ግን ዕጢውን የሚገድል መጠን ያገኛል። ከነጥቡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ሲባል መጠኑ በፍጥነት ያሽቆለቁላል።

ሕክምናው ስቴሪዮታክቲክ ራዲዮሰርጀሪ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ስዊድናዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሴል ነው። «ሰርጀሪ» ይባል እንጂ ቢላ የለበትም፤ የራስ ቅልም አይከፈትም። ዛሬ ሥራው በሦስት ዓይነት መሣሪያ ይሠራል፦ በኮባልት 60 (ራሱ ጨረር በሚያመነጭ ብረት) የሚሠራው ጋማ ናይፍ፣ ሊናክ የሚባለው የተለመደው የጨረር ማሽን፣ እና ትንሽ ሊናክ በሮቦት ክንድ ላይ የተሸከመው ሳይበር ናይፍ። ታካሚዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብለው ነው። በሚገባ ከተያዙ ሦስቱም ይሠራሉ። ውጤቱን የሚወስነው ጨረሩ ከመብራቱ በፊት የሚሠራው ነው፦ ምስሉ የስንት ቀን ነው፣ ጭንቅላቱ እንዴት ተያዘ፣ ዕጢው የት ላይ ተከለለ፣ ማሽኑ በምን ተለካ።

ለማን ይሆናል?

ድሮ የሚጠየቀው የዕጢዎቹ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከሦስት ካለፉ ታካሚው በቀጥታ ወደ መላ አንጎል ጨረር ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የጃፓን ጥናት ይህን አስተሳሰብ አላላው። 1,194 ታካሚዎች በራዲዮሰርጀሪ ብቻ ታክመው፣ ከ5 እስከ 10 ዕጢ የነበረባቸው ከ2 እስከ 4 ከነበረባቸው ያነሰ ዕድሜ አልኖሩም። ጥናቱን የሚጠቅሱ ሰዎች መስፈርቱን ይረሱታል፦ ትልቁ ዕጢ ከ3 ሳ.ሜ. እና ከ10 ሚሊ ሊትር በታች፣ የሁሉም ድምር ከ15 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ፣ በአንጎል ሽፋን ላይም ስርጭት የሌለ። እንግዲህ ከቁጥሩ ይልቅ ድምር ይዘቱን አስሉ። አሥር ጥቃቅን ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ግዙፍ ዕጢ ይቀላሉ።

ለዚህ ሕክምና የሚሆነው ታካሚ ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስ (ራስን የመቻል አቅምን በሚለካው የካርኖፍስኪ መለኪያ ከ100 70 እና ከዚያ በላይ)፣ በሌላው አካሉ ያለው ካንሰር ቢያንስ የሚሞከር መድኃኒት ያለው ሰው ነው። ዕጢው ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. የሚደርስና አንጎልን የሚገፋ ከሆነ፣ በታችኛው የኋላ አንጎል ተቀምጦ የፈሳሹን መተላለፊያ ከዘጋ፣ ወይም ካንሰሩ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ መጀመሪያ መቅደም ያለበት ቀዶ ሕክምና ነው። ጨረር እብጠትንና ግፊትን በአንድ ቀን አያወርድም፤ ቀዶ ሕክምና ያወርዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዕጢው የነበረበትን ጎድጓዳ «ሁሉም ወጥቷል» ብሎ መተው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ጎድጓዳቸው ጨረር ካገኘው ታካሚዎች 72 በመቶው በ12 ወር ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ አልተመለሰባቸውም፤ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ግን 43 በመቶው ብቻ ናቸው እንደዚያ የሆኑት።

ካንሰሩ በአንጎል ሽፋንና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ከተበተነ ይህ ሕክምና አይሆንም። የተበተነ ነገር የሚነጣጠሩበት ነጥብ የለውምና። ትንሿ ህዋስ የተባለው የሳንባ ካንሰርም በልማድ የሚታከመው በመላ አንጎል ጨረር ነው፤ አሁን አሁን ግን ጥቂት ዕጢ ላለባቸው አንዳንድ ታካሚዎች ራዲዮሰርጀሪ ይታሰባል። የኢጂኤፍአር ወይም የኤኤልኬ የዘረመል ለውጥ ያለበት የሳንባ ካንሰር ሲሆን ወደ አንጎል የሚዘልቁ እንክብሎች አሉ። ምልክት ለማይሰጡ ጥቃቅን ዕጢዎች እንክብሉን አስቀድሞ ጨረሩን ማቆየት ይቻላል፤ ውሳኔው ግን የጨረር ሐኪሙና የመድኃኒት ሐኪሙ አብረው ተቀምጠው የሚወስኑት ይሁን። አንዱ በደብዳቤ ሌላው በስልክ ሲሆን ታካሚው መሃል ላይ ይቀራል።

መላ አንጎልን በጨረር ማከም ለምን ይሸሻል? በማስታወስ ችሎታ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና ከ1 እስከ 3 ዕጢ ያለባቸው 213 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በሦስተኛው ወር የማሰብ ችሎታቸው የቀነሰው በራዲዮሰርጀሪ ብቻ ከታከሙት 63.5 በመቶው፣ የመላ አንጎል ጨረር ከተጨመረላቸው ደግሞ 91.7 በመቶው ነበሩ። ዕድሜ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ዋጋው ይህ ነው፦ ያልተነካው የአንጎል ክፍል ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ በሚሆኑት ታካሚዎች አዲስ ዕጢ ይወጣል። ስለዚህ ራዲዮሰርጀሪን የመረጠ ሰው በየጊዜው ኤምአርአይ መነሳትንም አብሮ መርጧል። ተመልሶ ለምርመራ መምጣት የማይችል ታካሚ ከሆነ ይህ ገና ከጅምሩ መነገር አለበት።

ምስሉ፣ ከሁሉ በላይ ምስሉ

ዕቅድ የሚወጣበት ኤምአርአይ ለምርመራ ከተነሳው ይለያል። የሚያስፈልገው በጋዶሊኒየም ኮንትራስት (በደም ሥር ተወግቶ ዕጢን በሚያደምቅ ቀለም) የተነሳ ባለ ሦስት አቅጣጫ ቲ-1 ምስል ነው፤ የቁራጩ ውፍረት 1 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ ያነሰ፣ በቁራጮቹ መካከል ክፍተት የሌለው፣ ከአናት እስከ አንገት መጀመሪያ የሚሸፍን። በ5 ሚ.ሜ. ቁራጭ የተነሳ ምስል 3 ሚ.ሜ. የሆነች ዕጢን ሙሉ በሙሉ ሊዘላት ይችላል። ኮንትራስቱ እንደተወጋ ወዲያው አታንሱ። ትንንሽ ዕጢዎች ቀለሙን ቀስ ብለው ነው የሚጠጡት፤ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ቀድሞ ያልታየውን ያሳያል። እብጠቱን ለማየት ፍሌር የተባለውን ምስል ጨምሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት የኩላሊት ምርመራ ውጤትን፣ የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን፣ በመውለድ ዕድሜ ላለች ሴትም እርግዝናን አጣሩ።

አሁን የምስሉ ዕድሜ። ከሕክምናው ቀን 14 ቀን ያለፈው ምስል ዕቅድ ሊወጣበት አይገባም፤ 7 ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ሜላኖማን በመሰለ ፈጥኖ የሚያድግ ካንሰር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ቀጠሮ ሲጓተት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት የድሮውን ዕቅድ ይዞ መግባት ነው። ዕጢው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ 2 ሚ.ሜ. ቢያድግ ጠርዙ ከጨረሩ ውጭ ይቀራል፣ ከስድስት ወር በኋላም «ጨረሩ አልሠራም» ይባላል። ጨረሩ ሠርቷል፤ የተሰጠው ግን ዕጢው ቀድሞ ለነበረበት ቦታ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ በመሃል ዴክሳሜታዞን የተባለው እብጠት አውራጅ መድኃኒት ተጀምሮ እብጠቱ ሲወርድ አንጎሉ ወደ ቦታው ይመለስና ዕጢው ከነበረበት ይሸራተታል።

ኤምአርአይ ዕጢውን አጥርቶ ያሳያል፣ ቅርጽን ግን በተለይ ከመሃል ራቅ ባሉ ጠርዞች ላይ በትንሹ ያዛባል። ሲቲ ስካን ዕጢውን እምብዛም አያሳይም፣ ቅርጽን ግን አያዛባም። ስለዚህ ሁለቱ ተደራርበው ይሠራሉ። የኤምአርአይ ማሽኑ የማዛባት ማስተካከያ በሦስቱም አቅጣጫ መብራቱን አረጋግጡ፤ ሲቲውም በ1 ሚ.ሜ. ቁራጭ ይነሳ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ምስል ራሱ ሲያጋጥም «ተጠናቋል» ይላል፤ አትመኑት። ዓይናችሁን በአንጎል ውስጥ ያሉትን የፈሳሽ ጓዳዎች ጠርዝ፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚለየውን ሽፋን፣ የዕይታ ነርቭ መጋጠሚያውንና የውስጠኛውን የራስ ቅል ገጽ ተከትላችሁ አዙሩ። በመጨረሻም በእያንዳንዱ ዕጢ አካባቢ ቆም ብላችሁ ለብቻው እዩት። ፊት ለፊት የተጋጠመ መስሎ ከኋላ 2 ሚ.ሜ. የተዛነፈ ምስል ያጋጥማል፤ ብዙውን ጊዜ ሰበቡ መንጋጋና አንገት በስሌቱ ውስጥ መግባታቸው ነው። ስሌቱን በራስ ቅል ብቻ ገድቡት።

ጭንቅላትን መያዝ

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የብረት ክፈፍ ነው። በአራት ችንካር የራስ ቅል ላይ ይታሰራል፤ ከግንባር ሁለት፣ ከኋላ ሁለት። በየችንካሩ ቦታ ላይ መጀመሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። በጣም የሚያመው ራሱ የማደንዘዣው መርፌ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጥብቅ ያለ የመጨምደድ ስሜት ነው፤ እሱም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለመዳል። ይህን አስቀድሞ በግልጽ መንገር የሚሰጠውን ያህል መረጋጋት መድኃኒት አይሰጥም፦ «መርፌው ያቃጥልዎታል፣ ቀጥሎ ጭንቅላትዎን ጨምድዶ የያዘዎት ይመስልዎታል፣ ከዚያ ይቀልልዎታል።» ችንካሩ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ በተገጠመ አጥንት ወይም በፈሳሽ ማስተላለፊያ ቱቦ ላይ እንዳያርፍ የቀድሞውን ሲቲ አይታችሁ ቦታውን ወስኑ። ዕጢው ከኋላ ዝቅ ብሎ ካለ ክፈፉንም ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ አለበለዚያ ማሽኑ ሊደርስበት አይችልም፣ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጭንብል ነው። በሙቅ ውኃ የለሰለሰ የፕላስቲክ መረብ ፊት ላይ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ የፊቱን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ሕክምናው ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሚከፋፈል ከሆነ ጭንብል ብቸኛው ተግባራዊ ምርጫ ነው። ጥሩ ጭንብል በግንባር፣ በአፍንጫ ግንድና በአገጭ ላይ ይጣበቃል። ጭንብሉ ከመሠራቱ በፊት ፀጉር ይጠለፍ ወይም ይፈታ፤ በሕክምናውም ቀን ያው እንደነበረ ይሁን። ሹሩባ የተሠራችበት ቀንና የተፈታችበት ቀን የጭንብሉ ልክ አይገጥምም። ሌላው የሚዘነጋው ዴክሳሜታዞን ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊትን ያሳብጣልና ትናንት የገጠመው ጭንብል ዛሬ ያፍናል። በግድ አታስገቡ፤ አዲስ ሥሩ።

ጭንብል ሲሆን በየሕክምናው መጀመሪያ ማሽኑ ላይ በተገጠመው ሲቲ ቦታው ይታያል፣ ጠረጴዛውም በስድስት አቅጣጫ ይስተካከላል። ብዙ ሰው ወደ ግራና ቀኝ የተሸራተተውን ያያል፣ የዞረውን ግን ችላ ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጭንቅላቱ 1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ ከማዞሪያው ማዕከል 6 ሳ.ሜ. ርቆ ያለ ዕጢ 1 ሚ.ሜ. ገደማ ከቦታው ይወጣል። አንድ ዕጢ ብቻ መሃሉ ላይ ሲታከም ይህ አይጎዳም፤ በአንድ የማዞሪያ ማዕከል አምስትና ስድስት የተራራቁ ዕጢዎች አንድ ላይ ሲታከሙ ግን የዳር ያሉት ይሳታሉ። ስለዚህ ከ1 ሚ.ሜ. ወይም ከግማሽ ዲግሪ በላይ የሆነ ልዩነት ሲታይ አስተካክላችሁ እንደገና አንሱ፤ ረጅም ሕክምና ከሆነም መሃል ላይ አንዴ ድገሙት።

መከለልና መጠን መወሰን

በኮንትራስት የደመቀውን ብቻ ክለሉ። በዙሪያው ያለው እብጠት ውኃ ነው፤ አይከለልም። ከዚያ ለስህተት የሚተው ኅዳግ ላይ ስስት ያስፈልጋል። 10 ሚ.ሜ. ስፋት ያላት ክብ ዕጢ ይዘቷ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በየአቅጣጫው 1 ሚ.ሜ. ብቻ ስትጨምሩ ይዘቱ በ73 በመቶ ያድጋል፤ 2 ሚ.ሜ. ስትጨምሩ ከእጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። የጨመራችሁት ሁሉ ጤነኛ አንጎል ነው። በክፈፍ ለታሰረ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳግ አይተውም፤ በጭንብል ለተያዘ 1 ሚ.ሜ. የተለመደ ነው። 2 ሚ.ሜ. ካስፈለጋችሁ መጠየቅ ያለበት ጭንብሉ ወይም ማሽኑ ነው። የቀዶ ሕክምና ጎድጓዳ ሲሆን ግን ሌላ ነው፤ ጠርዙ ስለማይለይ 2 ሚ.ሜ. ድረስ መጨመርና ቀዶ ሐኪሙ የገባበትን መንገድ መጨመር ልማድ ነው።

በአንድ ቀን ለሚሰጥ ጨረር እስከ ዛሬ መነሻ የሆነው የአሜሪካው ጥናት ውጤት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው፦ እስከ 20 ሚ.ሜ. ስፋት ላለው 24 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ከ21 እስከ 30 ሚ.ሜ. 18 ግሬይ፣ ከ31 እስከ 40 ሚ.ሜ. 15 ግሬይ። እነዚህ ቀድሞ ጨረር በወሰደ አንጎል ላይ የተፈተኑ የላይኛ ጣራዎች ናቸው፤ ብዙ ማዕከላት ለትንንሾቹ ከ20 እስከ 24 ግሬይ ይሰጣሉ። ዕጢው በሰፋ ቁጥር መጠኑ የሚቀንሰው ዙሪያው ያለው ጤነኛ አንጎል የሚቀበለው ስለሚበዛ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ትልቁ ዕጢ የሚፈልገው ብዙ፣ የሚያገኘው ግን ትንሽ ነው። 15 ግሬይ በአንድ ቀን 3.5 ሳ.ሜ. ዕጢን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያቆምም። ለዚህ መፍትሔው መከፋፈል ነው፤ 27 ግሬይ በ3 ቀን፣ ወይም ከ25 እስከ 30 ግሬይ በ5 ቀን። ከ2 ሳ.ሜ. በላይ ለሆነ፣ ወይም ለአንጎል ግንድና ለዕይታ ነርቭ ለቀረበ ዕጢ መከፋፈሉን ማስቀደም ይሻላል የሚል አቋም አለን።

መጠኑ የሚጻፈው ዕጢውን ጠርዙ ላይ በሚከብበው መስመር ነው። በጋማ ናይፍ ይህ መስመር ብዙ ጊዜ ከከፍተኛው መጠን 50 በመቶ ላይ ይሆናል፣ በሊናክ ከ70 እስከ 90 በመቶ ላይ። ስለዚህ «20 ግሬይ» ብሎ የተጻፈ ወረቀት ስታነቡ በስንት በመቶ መስመር ላይ እንደሆነ ካልታወቀ ግማሹን ብቻ አንብባችኋል፤ በ50 በመቶ ላይ ከሆነ የዕጢው መሃል 40 ግሬይ ወስዷል። መሃሉ መጋሉ ጥፋት አይደለም፤ እዚያ ያለው ካንሰር ብቻ ነው።

መከበር ያለባቸው ገደቦች እነዚህ ናቸው። በአንድ ቀን ሕክምና ከ12 ግሬይ በላይ የሚያገኘው የአንጎል ይዘት፣ ዕጢውን ጨምሮ፣ 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን ምልክት የሚሰጥ የጨረር ጉዳት 10 በመቶ አካባቢ፣ 10 ሲሆን 15 በመቶ፣ 15 ሲሆን 20 በመቶ አካባቢ ነው። ዕቅዱን ስታወዳድሩ መጀመሪያ ይህንን ቁጥር እዩ። የዕይታ ነርቭና መጋጠሚያው ከፍተኛው ነጥብ ከ8 እስከ 10 ግሬይ ባይበልጥ። የአንጎል ግንድ 15 ግሬይ አይለፍ፤ ግማሽ ሚሊ ሊትሩም ከ10 ግሬይ በታች ይሁን። ዕጢው ራሱ የአንጎል ግንድ ውስጥ ከሆነ ገደቡና ዒላማው አንድ ቦታ ይሆናሉና መጠኑን መቀነስ ወይም መከፋፈል ግድ ነው። በሦስት ቀን ሲከፋፈል ከ20 ግሬይ በላይ የሚያገኘው፣ በአምስት ቀን ሲሆን ከ24 ግሬይ በላይ የሚያገኘው ከ20 ሚሊ ሊትር በታች ይቆይ።

ማሽኑ በምን ተለካ?

ታካሚ የማያየው፣ ብዙ ሐኪምም የማይጠይቀው ክፍል ይህ ነው። ከፈረንሳይ የመጣ ትምህርት አለ፦ ከሚያዝያ 2006 እስከ ሚያዝያ 2007 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ማዕከል 145 ታካሚዎች ከታሰበላቸው በላይ ጨረር ወሰዱ። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ዕቅዱም ልክ ነበር። ቀጫጭኖቹን ጨረሮች ለመለካት የተጠቀሙበት መለኪያ ለጨረሩ በጣም ሰፊ ነበር። መለኪያው ከጨረሩ ሲሰፋ የመለኪያው ከፊል ከጨረሩ ውጭ ይቀርና ጨረሩ በመላው ስፋቱ ላይ ተካፍሎ ዝቅተኛ ንባብ ይሰጣል፤ ማሽኑ «ደካማ ነው» ተብሎ እንዲጨምር ይደረጋል። ከዚያ በየታካሚው ላይ በዝምታ ይደገማል። ስለዚህ የ1 ሳ.ሜ. ወይም ያነሰ ጨረር በጥቃቅን መለኪያ፣ በዳይኦድ ወይም በአልማዝ መለኪያ፣ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ይለካ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ያወጣው የትንንሽ ጨረሮች መመሪያ የማስተካከያ ቁጥሮቹን ይሰጣል። ከዚያም ሌላ ማዕከል በላከው መለኪያ ይመሳከር። ራሱን በራሱ የመዘነ ሚዛን አይታመንም።

በሊናክ በየሕክምናው ጠዋት ዊንስተን ሉትዝ የሚባለው ሙከራ ይሠራል፦ ትንሽ የብረት ኳስ በማዕከሉ ላይ ተቀምጣ፣ ማሽኑና ጠረጴዛው በየማዕዘኑ ሲዞሩ ጨረሩ ኳሷን መሃል ለመሃል መምታቱ በፊልም ወይም በዲጂታል ምስል ይታያል። ልዩነቱ ከ1 ሚ.ሜ. ካለፈ የዚያን ቀን አታክሙ። ክብ ማጥበቢያ (ጨረሩን የሚያቀጥን ቱቦ) ሲገጠም ከጀርባው ያሉት የማሽኑ መንጋጋዎች (ጨረሩን የሚገድቡ የብረት መዝጊያዎች) ለእሱ በሚገባ መጠን መዘጋታቸውን ሁለት ሰው በየራሱ ይይ፤ መንጋጋው ሰፍቶ ሲቀር ከማጥበቢያው ዳር የሚያመልጠው ጨረር ጤነኛ አንጎልን ያቃጥላል። በጋማ ናይፍ ደግሞ ኮባልቱ በየ5.27 ዓመቱ ግማሽ ይሆናል። በየወሩ አንድ በመቶ ያህል ይዳከማል፤ መጠኑ አንድ ሆኖ ጊዜው ይረዝማል። የቆየ ምንጭ ያለው ማሽን አንድ ሰዓት የሚወስደውን ሁለት ሰዓት ያደርገዋል፤ ታካሚውን ይህን ያህል እንዲተኛ አዘጋጁት።

ጨረሩ ከመብራቱ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፦ ስም፣ ጎን (ቀኝ ወይስ ግራ)፣ የዕጢዎች ብዛት፣ ለእያንዳንዱ መጠን። በዕቅዱ 7 ተቆጥሮ ምስሉን ያነበበው ሐኪም (ሬዲዮሎጂስቱ) 8 ካለ ቁሙ፤ ስምንተኛዋን ሳታገኙ አትቀጥሉ።

የሕክምናው ቀን

ታካሚው ቁርሱን በልቶ፣ የዘወትር መድኃኒቱን ወስዶ ይምጣ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ መከላከያውን በዚያ ቀን መዝለል ሕክምናው መሃል ላይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ለሕክምናው አያስፈልግም፤ በጠባብ ቦታ ለሚጨነቅ ሰው ብቻ ቀላል ማረጋጊያ ይሰጣል። ጨረሩ አያምም፣ አይሞቅም፣ አይታይም። ቀላል ዕጢ በሊናክ ከ15 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ክፈፉ ሲወጣ ችንካሮቹ ቦታ ላይ ጥቂት ደም ሊንጠባጠብ ይችላል፤ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ራስ ምታትና ድካም ለአንድ ሁለት ቀን ይኖራል። ዕጢው ከራስ ቆዳ አጠገብ ከሆነ ብቻ በዚያ ቦታ ፀጉር ሊሳሳ ይችላል።

ወደ ቤት ሲመለስ አብሮ የሚሄድ ሰው ይኑር፤ መንቀጥቀጥ ታይቶበት የሚያውቅ ሰው መኪና አይንዳ። ቤተሰብ ጠዋት የሚነሳና ማስታወክ የተከተለው ራስ ምታት፣ የማይነቃ እንቅልፍ፣ አዲስ የእጅ ወይም የእግር ድካም፣ ከ5 ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ ወይም ከችንካሩ ቦታ መግል ካየ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰደው።

ከጎኑ የሚሰጡ መድኃኒቶች

ዴክሳሜታዞን እብጠትን ያወርዳል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ምልክት ለሌለበት ታካሚ አያስፈልግም። ቀላል ምልክት ካለ በቀን ከ4 እስከ 8 ሚ.ግ.፣ ከባድ ግፊት ካለ በቀን 16 ሚ.ግ. ይጀመራል። ከቀትር በኋላ የተወሰደ እንክብል እንቅልፍ ይነሳልና ጠዋትና ከሰዓት በፊት ይሰጥ። ስኳርን ይለኩ። ከአራት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ደግሞ የሳንባ ምች መከላከያ ይታሰብ። በድንገት አይቁም፤ ደረጃ በደረጃ ይቀንስ። ትልቁ ጥፋት መጀመሩ ሳይሆን ማንም ሳይቀንሰው ለወራት መቆየቱ ነው፤ ታካሚው ከወንበር ሲነሳ በእጁ መደገፍ ከጀመረ የጭኑ ጡንቻ እየቀለጠ ነው፣ አንጎል ላይ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ዴክሳሜታዞኑን እዩ። የበሽታ መከላከልን የሚያነቃቃ መድኃኒት የሚወስድ ታካሚም ከዚህ መድኃኒት ዝቅተኛውን መጠን ብቻ ያግኝ፤ ሁለቱ ይጣላሉ።

መንቀጥቀጥ ታይቶበት ለማያውቅ ታካሚ «ለጥንቃቄ» ተብሎ መከላከያ አይሰጥ። ታይቶበት ከሆነ ሌቬቲራሴታም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር እምብዛም ስለማይጋጭ ይመረጣል፤ ቁጣና ብስጭት ሊያመጣ እንደሚችል ግን ለቤተሰብ ይነገር። ብራፍ የሚባለውን የዘረመል ለውጥ የሚያግዱ የሜላኖማ እንክብሎች ጨረሩ ከመሰጠቱ ቢያንስ አንድ ቀን በፊትና አንድ ቀን በኋላ ይቋረጡ፤ ከጨረር ጋር ሲገናኙ ጉዳቱን ያባብሳሉ።

ከዚያ በኋላ የሚታየው

የመጀመሪያው ኤምአርአይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ ከዚያ በየ2 እስከ 3 ወሩ፤ የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ ሊራዘም ይችላል። በዚያው በ1 ሚ.ሜ. ይነሳ፤ ቀጭኑን በወፍራም ማወዳደር አይቻልም። በትክክል የታከመ ትንሽ ዕጢ ከአሥር ስምንት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ለአንድ ዓመት ይቆማል። ሁሉም አይጠፋም፤ ሳያድግ መቆየቱ ይበቃል።

አስቸጋሪው ነገር ዕጢው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አብጦ ሲታይ ነው። ካንሰሩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የጨረር ኒክሮሲስ የሚባለው፣ በጨረር የሞተ ህዋስ ዙሪያውን ሲያስቆጣ ሊሆን ይችላል። በተለመደው ኤምአርአይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ምስሉን ብቻ አይቶ መደንገጥም፣ «ኒክሮሲስ ነው» ብሎ መዝናናትም ያሳስታል። የደም ፍሰትን የሚያሳይ ኤምአርአይ ፍሰቱ ከፍ ካለ ወደ ካንሰር፣ ዝቅ ካለ ወደ ኒክሮሲስ ያደላል፤ የአሚኖ አሲድ ፔት ስካን ባለበት ይረዳል። ምልክት ከሌለው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ እንደገና ማንሳት ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል። ኒክሮሲሱ ምልክት ካመጣ በዴክሳሜታዞን ይጀመራል፤ ካልበቃ ቤቫሲዙማብ በኪሎ 7.5 ሚ.ግ. በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል፤ የቅርብ ጊዜ ደም መፍሰስ ወይም ያልዳነ ቀዶ ሕክምና ላለበት ግን አይሆንም። ጥርጣሬው ካልጠራ ቀዶ ሕክምና ሁለቱንም ያደርጋል፤ ምንነቱን ይለያል፣ ግፊቱንም ያነሳል።

አዲስ ዕጢ ሌላ ቦታ ከወጣ ያው ሕክምና ሊደገም ይችላል፤ በጣም በብዛትና በፍጥነት የሚወጡ ከሆነ ግን ሂፖካምፐስን (የማስታወስ ሥራ የሚሠራውን የአንጎል ክፍል) የሚያተርፍ የመላ አንጎል ጨረር፣ ማስታወስን ለመጠበቅ ከሚሰጠው ሜማንቲን ከሚባል መድኃኒት ጋር ይታሰባል። ሁለተኛውን ዙር የሚያቅደው ሰው የመጀመሪያውን ማየት አለበት። ስለዚህ ከ«24 ግሬይ ተሰጥቷል» ከሚል ደብዳቤ ጋር ሙሉው ዕቅድ፣ ከነሲቲው፣ ከነተከለሉት ዕጢዎችና ከነመጠን ሥርጭቱ፣ በዲጂታል ቅጂ በሲዲ ወይም በፍላሽ ለታካሚው ይሰጥ። የእያንዳንዱ ዕጢ ስም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው እንዳይቀያየር ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፉ፤ «ቀኝ ፍሮንታል 2፣ 9 ሚ.ሜ.፣ 22 ግሬይ በ50 በመቶ፣ ቀን» የሚል አንድ መስመር ለእያንዳንዱ ይበቃዋል።